መጥፎ ወሬ ቶሎ ይድረሳችሁ

ልጆቼ፣

ቢሮዬ ለገሃር ነው፣ ከድሮው ባቡር ጣቢያ ብዙም አይርቅም። ትራንዚተርነት፣ ማለትም የነጋዴን ዕቃ ጉምሩክ ጨርሶ ማስገባት፣ የጀመርኩት ዕቃ በአሰብ በሚገባበት ዘመን ነው። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲነሳ ሁሉም ነገር ወደ ጅቡቲ ዞረ። የለመድነው መንገድ፣ የምናውቀው ሰው፣ ሁሉም ባንዴ ቀረ። ያኔ አለቃዬ እኛን ጀማሪዎቹን እየዞረ ምን እንደገጠመን ይጠይቅ ነበር። እኔ አለቃ ስሆን ግን ይህን ረሳሁት።

አንድ ጎበዝ ልጅ ነበረኝ። የኮንቴይነር ቁጥር ሲጽፍ ሁለት አሃዝ አቀያየረ። ቁጥሩ አራት ፊደልና ሰባት አሃዝ አለው፤ የመጨረሻዋ አሃዝ ከፊቷ ካሉት ተሰልታ የምትወጣ ማረጋገጫ ናት። እሷን ቢያሰላት ኖሮ ስህተቱ ወዲያው ይጋለጥ ነበር። እኔ ይህን ላሳየው ሲገባኝ ሰው ፊት ጮህኩበት።

ከሁለት ወር በኋላ ሌላ ስህተት ተፈጠረ። ፓኪንግ ሊስቱ፣ የዕቃው ዝርዝር፣ ላይ ያለው ክብደት ለጉምሩክ ካቀረብነው ዲክላራሲዮን ጋር አልገጠመም። ልጁ ፈራ። በራሱ ሊያስተካክል ብሎ አራት ቀን ከእኛ ደበቀው። ኮንቴይነሩ ጅቡቲ ቁጭ ብሎ ይቆጥርብናል። ያለ ክፍያ የሚቆይበት ነጻ ቀኑ አለቀ፣ ዲመሬጅ የሚባለው የመዘግየት ክፍያ ገባ፣ እሱም በዶላር። ውስጡ የፋብሪካ መለዋወጫ ስለነበር ባለቤቱ በቀን አስር ጊዜ ይደውላል። ልጁን ላባርረው ወስኜ ነበር። ማታ ቤቴ ቁጭ ብዬ ሳስበው ግን ያን ሁሉ ዶላር ያስከፈለችን የእኔ ጩኸት ናት።

አላባረርኩትም። አሁን የራሱ ድርጅት አለው፤ ደንበኛም ይወስድብኛል፣ የተባረከ።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ቡና ሲቀርብ «ምን ተበላሸ?» እላለሁ። መጀመሪያ የራሴን እናገራለሁ። ሰው አለቃው ሲሳሳት መስማት ደስ ይለዋል መሰለኝ፣ ምላሱ ይፈታል።

አዲስ ተቀጣሪም፣ ዲግሪው የፈለገ ቢሆን፣ ከሾፌር ጋር ጋቢና ገብቶ እስከ ጅቡቲ ድንበር፣ እስከ ጋላፊ ይሄዳል። የአፋርን ሙቀት ይቅመስ። ሚሌ ጉምሩክ ላይ መኪና ተሰልፎ ሲቆም ሾፌሩ የት እንደሚተኛ፣ ምን እንደሚበላ ይይ። ያንን ያየ ልጅ በአንድ ወረቀት ምክንያት መኪና አያስቆምም። ሾፌር ሲደውልም ስልኩን አያጠፋም። በነገራችን ላይ፣ ስለ መንገዱ ከማንም ሪፖርት የተሻለ የሚያውቁት ሾፌሮች ናቸው። ስልካቸውን ያዙ።

ባለፈው ሳምንት ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። ከተቀጠረች አምስት ወር ያልሞላት ልጅ ናት። «ጋሼ፣ የፕሎምፕ ቁጥሩን አሳስቼ ነው የላክሁት፤ አሁን ነው ያየሁት» አለችኝ፣ ድምጿ እየተንቀጠቀጠ። ፕሎምፕ ኮንቴይነሩ የሚታሸግበት ነው። ሾፌሩ ጋ ደወልን። መኪናው ገና ከጅቡቲ ወደብ አልወጣም ነበር።