መልስ፦ ምስክር ወረቀት የሌለው የክበብ አገልግሎት

ስድስት ኪሎ ሲማሩ የመሩትን የደም ልገሳ ክበብ ያለ ምስክር ወረቀት በሥራ ማመልከቻ ላይ እንዴት እንደሚያስገቡ ለጠየቁት፦ ከተማሪዎች ዲን ጽሕፈት ቤት ማኅተም ያረፈበት የድጋፍ ደብዳቤ ያስጽፉ።

ሲሄዱ ሰብሳቢ ሆነው የተመረጡበትን ቃለ ጉባኤ ቅጂ ይያዙ፤ «ንቁ ተሳታፊ ነበሩ» ብቻ የሚል ደብዳቤ ብዙም አይረባምና ኃላፊነትዎና ያገለገሉበት ዘመን በግልጽ እንዲሰፍር ይጠይቁ።

በማመልከቻው ላይም «የመሪነት ብቃት አለኝ» ከማለት ሥራውን ይግለጹ፤ ለጋሽ 3 ወር ሳይሞላው ዳግም ደም ስለማይሰጥ፣ ስም መዝግቦና ተራ አውጥቶ ከፈተና ሳምንት ጋር ሳያጋጩ ልገሳውን ማካሄድ (በእኔ ግምት ከሰብሳቢነት ማዕረጉ ይበልጥ) አመራርዎን ያሳያል።

አንድ ጥንቃቄ፦ ደብዳቤው 2014 ዓ.ም.፣ ማመልከቻው ደግሞ በፈረንጅ አቆጣጠር 2022 ሲል መልማዮች የተለያየ ዘመን መስሏቸው ሲጠራጠሩ አይቻለሁና፣ ሁለቱንም ጎን ለጎን ይጻፉ።