መልስ፦ «ሐበሻ ትንሽ ልጅ ነው የሚወልደው» ለተባልሽው

እህቴ፣ በአልትራሳውንድ ፅንሱ አነስ ብሎ ሲታይ ነርሷ «የዘራችሁ ነው፣ አትጨነቂ» ካለችሽ ዝም ብለሽ አትቀበይ። ዘር ብቻውን ያን ያህል አይወስንም። አሜሪካ ስላለሽ የዚያኑ አገር ልንገርሽ፦ እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣ የኢሊኖይ ጥናት ላይ አፍሪካ ተወልደው የመጡ ጥቁር እናቶች ልጆች በአማካይ 3333 ግራም ሲመዝኑ፣ እዚያው አሜሪካ የተወለዱት ጥቁር እናቶች ልጆች 3089፣ የነጮቹ ደግሞ 3446 ነበር። የአሜሪካ ጥቁሮች የነጭ ዘርም ተቀላቅሎባቸዋል፤ ነገሩ ዘር ቢሆን ኖሮ ከእነሱ ዝቅ ማለት የነበረባቸው ከአፍሪካ የመጡት ናቸው!

እኔን የሚያንገበግበኝ «ዘራችሁ ነው» ሲባል ምርመራው መቅረቱ ነው። የእናት ደም ግፊት፣ የደም ማነስ፣ የእንግዴ ልጅ ችግር፣ ሲጋራ፣ እነዚህ ሁሉ ክብደት ይቀንሳሉ። የስኳር በሽታ ደግሞ ብዙ ጊዜ ልጁን ያገዝፋል፣ እሱም ጥሩ አይደለም። የወላጆች ቁመት ድርሻ አለው፣ አልክድም።

ግፊትሽን አስለኪ። ፅንሱ ካለፈው አልትራሳውንድ ወዲህ ምን ያህል እንዳደገም ጠይቂ፣ ከአንድ ቀን ልኬት ይልቅ እድገቱ ብዙ ይናገራል። ኃይለኛ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ ወይም የልጁ እንቅስቃሴ መቀነስ ካለ ግን ቀጠሮ ሳትጠብቂ ዛሬውኑ ሂጂ።