ስለ መዛግብትና ስለ አገር ትዝታ የጠየቃችሁኝ

ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ ወዳጆች፣ ስለ ቤተ መዛግብት ሙያ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። አብሽሩ፣ የቻልኩትን መልሻለሁ።

ጥያቄ (ከፒያሳ)፦ የእናንተ ሥራ አሮጌ ወረቀት መጠበቅ አይደል? ከውጭ ሰው ጋር ምን ያገናኛችኋል?

መልስ፦ ዋናው ሥራ ወረቀቱ የማን እንደነበር፣ ከየት እንደመጣ፣ ከምን ጋር ተቀምጦ እንደተገኘ መመዝገብ ነው። ይህ ከጠፋ ወረቀቱ ቢኖርም ታሪኩ ይጠፋል። የአመዘጋገቡን ደንብ ያወጡት የብዙ አገር ባለሙያዎች ተመካክረው ነው። የሚያሰባስባቸው ዓለም አቀፍ የቤተ መዛግብት ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1948 ተመሠረተ፤ መቀመጫው ፓሪስ ነው።

ጥያቄ (ከሆጤ)፦ ጋሼ፣ ፈረንጆች መጥተው ብራናችንን ፎቶ ሲያነሱ ታሪካችንን ወሰዱት ማለት አይደለም?

መልስ፦ ስጋትህ ይገባኛል። መቅደላ የተዘረፈችው እዚሁ ወሎ ውስጥ ነው፤ እንዴት አንሰጋ? ግን መጽሐፉን መውሰድና ቅጂ ማንሳት ለየቅል ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1973 ቤተ ክህነትና ሚኒሶታ የሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያን ብራናዎች በማይክሮፊልም (ገጹን አሳንሶ በሚያስቀር ፊልም) ማንሳት ጀመሩ። ብዙ ሺህ መጻሕፍት ተነሡ። ከነሱ አንዱ የሐይቅ እስጢፋኖሱ የአባ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል ነው፣ የ13ኛው መቶ ዘመን ሥራ። በማይክሮፊልሙ ስብስብ ውስጥ ቁጥሩ 1832 ነው፤ ዛሬ የትም ያለ ተመራማሪ በዚህ ቁጥር ያገኘዋል። የግዕዝ ሊቁ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም ብዙ ዓመት ካታሎጉ ላይ ሠርተዋል። እኔ ይህን እደግፋለሁ። ነገር ግን ውሉ በጽሑፍ ይሁን። ዋናው ከቦታው አይነሣ፣ ሙሉ ቅጂ ለባለቤቱ ይሰጥ፣ ማን ማየት እንደሚችል ባለቤቱ ይወስን። ይህን የማይፈርም እንግዳ ካሜራውን አያውጣ።

ጥያቄ፦ በ2014 ጦርነት የደሴ ሙዚየም ተዘረፈ። ከዚያ በኋላ መዝገብ ምን ይሠራል?

መልስ፦ በጣም ይጠቅማል እንጂ! ኢንተርፖል የተሰረቁ ቅርሶች መዝገብ አለው። ግን ፎቶ፣ ልክ፣ የተሠራበት ነገርና ልዩ ምልክት ካልቀረበ ዕቃው የኛ መሆኑን ማስረዳት ከባድ ነው።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ አያቴ የመንዙማ ካሴቶችና ዐጀሚ (በዐረብኛ ፊደል የተጻፈ የአገር ቋንቋ) ወረቀቶች ትተውልናል። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ እህቴ፣ ካሴቱን ባረጀ ቴፕ አታጫውቺው፤ ክሩን ይበላዋል። ጭንቅላቱ (ክሩን የሚያነበው ክፍል) በተጸዳ ማጫወቻ አንዴ አጫውተሽ ወደ ኮምፒዩተር ቅጂው፣ ሁለት ቦታም አስቀምጪው። ከዚያ የሚያውቁ ሽማግሌ አጠገብሽ ይቀመጡና ያዳምጡ። የማን ድምፅ ነው? የየትኛው ሐድራ (የመንዙማና የዱዓ ጉባኤ)? መልሱን ጻፊው። ካሴቱን በኋላም መጠገን ይቻል ይሆናል፤ ድምፁን የሚለዩት ሰው ግን ሁሌም አይገኙም። ወረቀቶቹንም እንደተደረደሩ ተያቸው፤ ቅደም ተከተሉ ራሱ ይናገራል።

ጥያቄ፦ የድሮ ፎቶ ላሚኔት ላስደርግ?

መልስ፦ በፍጹም! ሙቀቱና ማጣበቂያው ይጎዱታል፤ ወደኋላ መመለስም የለም። ከጀርባው በለስላሳ እርሳስ፣ ሳትጫን ስም ጻፍ።

ጥያቄ፦ የእድራችን አሮጌ መዝገብ ቦታ አጣበበ፣ ሊቃጠል ነው። ይቃጠል?

መልስ፦ እንዳይቃጠል! ዛሬውኑ ለእድሩ ዳኛ ንገር። ማን መቼ እንዳረፈ፣ ማን ከየት መጥቶ ሰፈሩ ውስጥ እንደኖረ፣ ሌላ የትም ያልተጻፈ የእናቶች ስም እዚያ ውስጥ አለ። ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ፣ ከእርጥበትና ከምስጥ አርቃችሁ አስቀምጡት። በስልክ ስታነሱትም ገጽ አትዝለሉ፤ ባዶውንም ጭምር አንሱ።