ዲስኩ 100% ላይ ተሰክቶ ለቀረብሽ እህት፦ ኢንድ ታስክ ከማለትሽ በፊት የኔን ስሚ

ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። «ላፕቶፔ 4 ጂቢ ራም ነው፣ ዊንዶውስ 10። ለሂሳብ ስራ ነው የምጠቀምበት። ታስክ ማናጀር ስከፍት ዲስኩ 100% ይላል። ባክግራውንድ ላይ 80 ምናምን ነገር ይሰራል። የትኞቹን ኢንድ ታስክ ላድርጋቸው? ዝርዝሩ ያለው ይላክልኝ» ብለሻል። (ታስክ ማናጀር ላፕቶፑ ላይ የሚሰራውን ሁሉ የሚያሳየው መስኮት ነው፣ ኢንድ ታስክ ደግሞ አንዱን በግድ መዝጋት።) ከስር የተሰጡሽን መልሶችም አየሁ። አንዱ «የማታውቂውን ሁሉ ዝጊ» ይላል። ሌላው «ዊንዶውስ 11 ጫኚበት» ይላል። በዚህ ራም 11! 4 ጂቢ እኮ የመጨረሻው ዝቅተኛ መስፈርት ነው። እሱ ብቻም አይደለም፣ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕና አዲስ ፕሮሰሰር ይፈልጋል። የድሮ ላፕቶፕ ይህን የት ያመጣዋል?

እኔ እንዳንቺው ሂሳብ ሰራተኛ ነኝ። ቤቴ ቁጭ ብዬ የሶስት ድርጅቶችን መዝገብ እይዛለሁ። ፒችትሪ የሚባለውን የሂሳብ ፕሮግራም እንደምትጠቀሚ አልጻፍሽም፣ ግን አዲስ አበባ ላይ ሂሳብ የሚሰራ ሰው ሌላ ምን ሊጠቀም ነው? ፒችትሪ ነው ብዬ እቀጥላለሁ።

ዝርዝር ግን አልልክልሽም። እኔን ጉድ የሰራኝ ዝርዝር ፍለጋ ነው። ያደረግኩትን በተራ ልንገርሽ።

1. ላፕቶፑ ገና ሲነሳ ታስክ ማናጀር አትክፈቺ። ሃርድ ዲስክ ያለው ማሽን ሲነሳ 100% ማለቱ ያለ ነው። ቡናሽን አፍዪና ሩብ ሰዓት ስጪው። ከዚያ በኋላም ካልወረደ ዲስኩን ትተሽ ሜሞሪ የሚለውን እዪ። ራም የምትሰሪበት ጠረጴዛ ነው በይ። ሃርድ ዲስኩ መዝገብ ቤቱ ነው። ጠረጴዛው ሲሞላ ዊንዶውስ ለጊዜው የማትነኪውን ቦክስ ፋይል አንስቶ መዝገብ ቤት ይወስደዋል። ስትፈልጊው ሄዶ ያመጣዋል፣ ሌላውን ይወስዳል። አንቺ 100% ብለሽ የምታዪው ብዙውን ጊዜ ይሄን ምልልስ ነው። ስለዚህ ጠረጴዛውን ማን እንደሞላው ፈልጊ።

የኔን የሞላው ክሮም ነበር። ክሮም እያንዳንዱን ታብ ለብቻው ነው የሚያስኬደው። ካልሻቸው 80ዎቹ ውስጥ ሃያው የክሮም ቢሆኑ አይገርመኝም። ክሮም ውስጥ ሆነሽ ሺፍትና ኢስኬፕ አንድ ላይ ስትጫኚ የራሱ ታስክ ማናጀር ይከፈታል፣ የቱ ታብ ስንት ሜጋ እንደያዘ ይነግርሻል። ሴቲንጉ ውስጥ ደግሞ ሲስተም የሚል አለ። እዚያ፣ ክሮም ከተዘጋም በኋላ ባክግራውንድ ላይ ይስሩ የሚለውን አጥፊው። ዘጋሁት ያልሽው ክሮም ለካ ጓዳ ቁጭ ብሎ ሲበላ ነው የሚውለው።

2. እዚያው ታስክ ማናጀር ውስጥ ስታርትአፕ የሚለው ታብ። እውነተኛው ስራ ያለው እዚህ ነው፣ ማንም ግን አልነገረሽም። ላፕቶፑ ሲነሳ አብሮ የሚነሳ ነገር ሁሉ እዚያ ተዘርዝሯል። የኔ ላይ ቴሌግራም፣ ስካይፕ፣ ቲምስ፣ ዩቶረንት፣ ከሸጥኩት ሁለት ዓመት የሞላው ፕሪንተር ሶፍትዌር ሳይቀር ነበሩ። ቀኝ ክሊክ፣ ዲሴብል። ዲሴብል ማለት ፕሮግራሙን መንቀል አይደለም። ሳትጠሪው አይመጣም፣ በቃ። ቴሌግራም ላይ ቅር ብሎኝ ነበር፣ ደንበኞቼ ደረሰኝ የሚልኩልኝ በሱ ስለሆነ። አሁን ቡናዬን ይዤ ስቀመጥ ራሴ እከፍተዋለሁ። ዊንዶውስ ሴኩሪቲ የሚለውን ግን ተይው። አንዴ ሶስት አራቱን አጥፊና ሪስታርት አድርገሽ እዪ፣ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አትነካኪ።

«ራም የሚያጸዳ» ምናምን የሚሉትን ፕሮግራሞችም እንዳትጭኚ። እኔ ሁለት ጭኜ ነበር። ሁለቱም ስታርትአፕ ላይ ተሰልፈው አገኘኋቸው።

3. ኢንድ ታስክ። እሺ፣ እዚህ ላይ ነው የኔ ነገር።

ጥቅምት 28 ቀን 2016፣ ረቡዕ ማታ። የደረጃ ሀ ግብር ከፋይ ማሳወቂያ ጥቅምት 30 እንደሚያበቃ ታውቂያለሽ። ሶስቱም ደንበኞቼ ደረጃ ሀ ናቸው፣ ሶስቱም ወረቀታቸውን ያመጡልኝ በመጨረሻው ሳምንት ነው (ይሄን ለብቻው አንድ ቀን እጽፍበታለሁ)። ጄቪ (የሂሳብ መመዝገቢያ ቫውቸር) እያስገባሁ ላፕቶፑ ስታክ አደረገ። ታስክ ማናጀር ከፈትኩ። ሜሞሪ ከያዙት መሀል አንድ የማላውቀው ስም አየሁ፦ ደብሊው 3 ዲቢኤስ ኤምጂአር። ይሄ ስም ሰው የሚያወጣው ስም ነው? ቫይረስ ነው አልኩ። ኢንድ ታስክ።

ፒችትሪው ወዲያው ደረቀ። እሱንም ዘጋሁት። ከዚያ ላፕቶፑ እንደ ላባ ቀለለ። ቫይረስ ገደልኩ ብዬ ደስ አለኝ። ለእህቴም ደውዬ አወራሁላት።

ለካ የገደልኩት የፒችትሪውን ልብ ነው። ፒችትሪ መዝገቡን በቀጥታ አይጽፍም። ፐርቬሲቭ የሚባል የዳታቤዝ ሞተር ነው ከስር ሆኖ የሚጽፍለትና የሚያነብለት። ያ ስሙ የማይነበበው ነገር እሱ ነው። ኢንትሪ ፖስት እያደረገ ሳለ ስትገድይው የመዝገቡ ፋይል ሊበላሽ ይችላል። ላፕቶፑ የቀለለውም ስራ የሚሰራበት ስለጠፋ ነው።

እዚያ ላይ ባቆም ኖሮ ሪስታርት አድርጌ ይነሳልኝ ነበር። አላቆምኩም። «ቫይረሱ» ተመልሶ እንዳይነሳ ከስሩ ልንቀለው ብዬ አንድ ቪዲዮ ከፈትኩ። ልጁ ኤምኤስ ኮንፊግ የሚባለውን ይከፍታል፣ ሰርቪስስ (ጓዳ ሆነው የሚሰሩት ፕሮግራሞች) የሚለው ውስጥ ይገባል፣ ዲሴብል ኦል ይላል። እኔም ከኋላ ከኋላው እየተከተልኩ ዲሴብል ኦል አልኩ። መሀል ላይ ኔትወርኩ ተቆራርጦ የዘለለኝ አንድ ነገር ነበር። ልጁ መጀመሪያ ከታች በኩል «ሃይድ ኦል ማይክሮሶፍት ሰርቪስስ» የሚለው ሳጥን ላይ ራይት አድርጎ ነበር። ያ ሳጥን የዊንዶውስን የራሱን ሰርቪሶች ከዝርዝሩ ያወጣልሻል፣ የሚጠፋው የሌሎቹ ብቻ እንዲሆን። እኔ የዊንዶውሱን ጭምር ነው ያጠፋሁት። አፕላይ፣ ሪስታርት።

ሲነሳ ፒን ጠየቀኝ። ጻፍኩ። ፒኑ አይሰራም አለኝ። ደገምኩት። ዋይፋዩም የለም። ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል፣ ማሳወቂያው ከነገ ወዲያ። እግሬ ተብረከረከ።

ጠዋት በሩ ሳይከፈት አንድ ጥገና ቤት ደጃፍ ቆሜያለሁ። ልጁ መጣ፣ አንዴ አበራው፣ ፒን ጻፈበት፣ ዘጋው። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም።

«የኔ እናት፣ ዊንዶውሱ ተበልቷል። ፎርማት ነው።»

«ወንድሜ፣ ዳታዬስ?»

«ዲ ላይ ከሆነ አይነካም።»

«ፒችትሪ አለኝ እኮ! የሶስት ድርጅት!»

«ፒችትሪ እኛም ጋ አለ፣ እንጭንልሻለን።»

እኔ «ፒችትሪ አለኝ» ስል መዝገቡን ማለቴ ነው። እሱ ፕሮግራሙን ነው የሰማው። እኔ ደግሞ «እንጭንልሻለን» ሲለኝ መልሰን እናስገባልሻለን ያለኝ መሰለኝ። እሺ ብዬ ወጣሁ። እህቴ፣ ይህቺን አንዲት «እሺ» እስካሁን ሌሊት ሌሊት አስታውሳታለሁ።

ማታ ተመልሼ ከፈልኩ። ዴስክቶፑ እንደ አዲስ ነጭ ሆኗል፣ የፒችትሪው ምልክት ብቻ ያብለጨልጫል። ከፈትኩት። ካምፓኒ ዝርዝሩ ላይ ምን ቢኖር ጥሩ ነው? ቤልዌዘር ጋርደን ሰፕላይ። ፒችትሪ የተማረ ሁሉ የሚያውቃት የመለማመጃዋ የአትክልት እቃ ሻጭ! የኔ ሶስት ድርጅቶች የሉም። መዝገባቸው ያለው ሲ ላይ ነበር፣ ፒችትሪ ካልቀየርሽው በቀር እዚያው ነው የሚያስቀምጠው። «ባክአፕ መያዝ ነበረብሽ» አለኝ ልጁ፣ ስልኩን እየነካካ። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም።

ፍላሽ ላይ የአንዱ ድርጅት የነሐሴ ባክአፕ ነበረኝ፣ የሌላው የግንቦት። ሶስተኛው፣ የግንባታ እቃ የሚሸጠው ሰውዬ፣ ምንም አልነበረውም። ሐሙስን ሌሊቱንና አርብን እህቴ ቫውቸር እያነበበችልኝ እኔ እየጻፍኩ ሁለቱን ለማሳወቂያው አደረስኩ። የሶስተኛውን ዓመት ሙሉ ከወረቀት እንደገና አስገባሁ፣ እስከ ኅዳር አጋማሽ። ቅጣቱን ከኪሴ ከፈልኩ። ሰውዬው አልጠየቀኝም፣ ግን በምን አይኔ ላየው?

የሚያንገበግበው ቀጥሎ ያለው ነው። በገና የእህቴ ልጅ መጣ፣ ኮምፒውተር ሳይንስ ይማራል። ስነግረው ዝም ብሎ ሰማኝና፦ «አክስቴ፣ ፒኑ ከተጻፈበት ስር ሳይን ኢን ኦፕሽንስ የሚል አልነበረም? ፓስወርድሽን ጽፈሽ ገብተሽ፣ ኤምኤስ ኮንፊግ ውስጥ ኖርማል ስታርትአፕ ብትይ ያበቃ ነበር» አለኝ። ፓስወርዱ አጀንዳዬ ጀርባ ላይ ተጽፏል። እሱም እምቢ ቢል፣ እዚያው መግቢያው ገጽ ላይ ሺፍትን ተጭነሽ ይዘሽ ሪስታርት ትያለሽ። ከዚያ ትራብልሹት፣ አድቫንስድ ኦፕሽንስ፣ ስታርትአፕ ሴቲንግስ፣ ሪስታርት፣ ሲነሳ 4 ቁጥር። ሴፍ ሞድ (ዊንዶውስ የግድ የሚያስፈልገውን ብቻ ይዞ የሚነሳበት) ይገባልሻል፣ ያጠፋሽውን እዚያ ሆነሽ ትመልሺዋለሽ። አስር ደቂቃ። ጥገና ቤቱ ይሄን አያውቅም ብዬ አላምንም። ፎርማት ይቀለዋል፣ ያው ነው።

ቁጥር 4 ላይ ነበርኩ መሰለኝ። የማታውቂው ስም ሲገጥምሽ ቀኝ ክሊክ አድርገሽ «ኦፕን ፋይል ሎኬሽን» በይ። የየትኛው ፕሮግራም ፎልደር ውስጥ እንደተቀመጠ ያሳይሻል። ያን ማታ ይህቺን አንድ ክሊክ ባደርግ የፐርቬሲቭን ስም አየው ነበር። ሰርቪስ ሆስት የሚለው በብዛት ቢደረደር አትደንግጪ፣ የዊንዶውስ ሰርቪሶች መያዣ ነው። ሲኤስአርኤስኤስ የሚባለውን የዊንዶውስ የራሱን ክፍል ከነካሽ ደግሞ ሰማያዊው ስክሪን ነው የሚመጣው። ዲቴይልስ ውስጥ ሲስተም አይድል ፕሮሰስ 95% ቢል እሱም ደህና ነው። ፕሮሰሰሩ 95% ስራ ፈት ነው ማለት ነው። አንድ የድሮ የስራ ባልደረባዬ ይሄን ሊገድለው ግማሽ ቀን ታግሏል።

አንቲማልዌር ሰርቪስ ኤክስኪዩተብል የሚለው የዊንዶውሱ የራሱ ጸረ-ቫይረስ ነው። ስካን ሲያደርግ ዲስኩን ያጨናንቀዋል፣ አውቃለሁ፣ ያናድዳል። ግን በየህትመት ቤቱ ፍላሽ ሰክተሽ ፎልደሮችሽ ሁሉ ሾርትከት ሆነው የተመለሱበትን ቀን አስታውሺ። ምሳ ስትበዪ ክፍት ትተሽለት ሂጂ፣ ስካኑን ይጨርስ።

ሌላ ማንም ያልነገረሽ። ማታ ማታ ሻትዳውን እያልሽ «ሪስታርት ምን ይሰራልኛል» ትይ ይሆናል። ዊንዶውስ 10 ላይ ፋስት ስታርትአፕ የሚባለው ካልጠፋ፣ ሻትዳውን ስትይ የሲስተሙን ውስጠኛ ክፍል ዲስክ ላይ አስቀምጦት ያድርና ጠዋት ያንኑ ያነሳዋል። ሙሉ በሙሉ የሚዘጋው ሪስታርት ስትይ ነው። ታስክ ማናጀር ውስጥ ፐርፎርማንስ፣ ሲፒዩ የሚለውን ንኪና ከታች አፕ ታይም የሚለውን እዪ። እኔ በየማታው እየዘጋሁት 11 ቀን ይላል! ሪስታርት ሳደርገው ብቻውን ግማሹ ችግር ለቀቀኝ።

ፓኬጅሽ ቶሎ ቶሎ የሚያልቅ ከሆነ ደግሞ አፕዴት ሴቲንግ ውስጥ ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን አለ፣ ከሌላ ኮምፒውተር ማውረድ ይፈቀድ የሚለውን አጥፊው። ያለበለዚያ ያንቺ ላፕቶፕ ያወረደውን አፕዴት ለሌላም ሊያካፍል ይችላል፣ በአንቺ ብር።

እና እውነቱን ልንገርሽ፣ ይሄ ሁሉ ተደርጎም 4 ጂቢ 4 ጂቢ ነው። እኔ ከዚያ ሁሉ በኋላ ሃርድ ዲስኩን ኤስኤስዲ በሚባለው ፈጣን ዲስክ አስቀየርኩ፣ ራሙን 8 አደረስኩ። ዋጋውን አልጽፍልሽም፣ እስክታነቢው ይቀየራል። ያ «አርጅቷል፣ ሽጪው» የተባልኩበት ላፕቶፕ ዛሬ ቡናዬ ሳይፈላ ይከፈታል። ዘንድሮ ሶስቱንም ድርጅቶች ጥቅምት 15 ጨርሻለሁ። ስታስቀይሪ ግን ዳታሽን ራስሽ ቅጂ። ፒችትሪ ውስጥ ፋይል፣ ባክአፕ፤ መጨረሻው ፒቲቢ የሚል ፋይል ይሰጥሻል። ሁለት ፍላሽ ላይ፣ አንዱ እቤት ይቅር። ጥገና ቤቱ «እንጭንልሻለን» ሲልሽ ምኑን ብለሽ ጠይቂው።

አሁን ምንም ሳትገድዪ የስታርትአፑን ዝርዝር ፎቶ አንስተሽ ከዚህ ስር ለጥፊው፣ አብረን እናየዋለን። አፕ ታይሙ ስንት ቀን እንደሚልም ጻፊልኝ። ከ11 ካለፈ በልጠሽኛል።