መልስ፦ አዲሱ ጣሪያ በሚስማሩ በኩል ያፈሳል

በጎ ፈቃደኞች የመቱት አዲሱ የቆርቆሮ ጣሪያ በሚስማሩ በኩል እንደሚያፈስ ነግረኸኝ መፍትሔ ጠይቀሃል። ችግሩ ሚስማሩ የገባበት ቦታ ነው። በጎ ፈቃደኞቹ በቆርቆሮው ጎድጓዳ በኩል መትተውታል ብለሃል፤ ዝናቡ የሚወርደው ደግሞ በዚያው ነው። ሲሊኮን ብትለቀልቅበት ለጊዜው እንጂ አይዘልቅም።

1. የተበሳውን ቆርቆሮ አንስተህ ቀይር።
2. አዲሱን በጉብታው ላይ፣ ጎማ ባለው የቆርቆሮ ሚስማር ምታ። ጎማው ቆርቆሮውን እንደነካ መዶሻውን አቁም። እዚህ ላይ ነው ጀማሪ የሚሳሳተው፦ አንድ ምት ይጨምርና ጉብታውን ይጨፈልቀዋል፤ ጎማው ይሰነጠቃል፣ ውሃም ዙሪያውን ይሰርጋል።
3. የጎን መደራረቢያው ቢያንስ አንድ ተኩል ጉብታ፣ የላይኛውና የታችኛው ቆርቆሮ መደራረቢያ ደግሞ ከ15 ሳንቲሜትር የማያንስ ይሁን።

ጣሪያው ላይ ሁለት ሰው ይበቃል፣ ሌላው ከታች ያቀብል። የሚወጡትም የሚስማሩን መስመር ተከትለው ይርገጡ፤ ከሥሩ እንጨት ያለው እዚያ ብቻ ነው። ነፋስ ካለ ቆርቆሮ አታስወጣ።