ለትምህርት ቤታችሁ ሙዚቃ ልታሠሩ ለተነሳችሁ

ልጆቼ፣

በቀደም አንዲት ወጣት መምህርት ቤት መጥታ፣ “ጋሼ፣ ለባህል ሙዚቃ ክበባችን አዲስ ድርሰት ማሠራት አስበናል፤ ከየት ልጀምር?” አለችኝ። ቡናው እስኪፈላ ያወራኋትን ለእናንተም ልጻፈው። ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አልሄድም፤ የራሴ ጥፋት ይበቃል።

ወጣት ሳለሁ አንድ ትምህርት ቤት ለዓመቱ መዝጊያ የሚሆን ሙዚቃ እንድደርስለት ጠየቀኝ። ስምንት ክራር፣ ሦስት ማሲንቆ፣ ሁለት ዋሽንትና አንድ ከበሮ አለን አሉኝ። እኔም ልጆቹን ሄጄ ሳልሰማ፣ ቤቴ ቁጭ ብዬ በትዝታ ቅኝት ተነስቶ መሐል ላይ ወደ አንቺሆዬ ቅኝት የሚዞር ነገር ጻፍኩ (ቅኝት ማለት ዜማው የሚመላለስባቸው ድምፆች ስብስብ ነው)። ወረቀት ላይ ያምር ነበር። ክራር ግን ፒያኖ አይደለም። ክሮቹ ለአንድ ቅኝት ተቃኝተው ነው የሚጠብቁት፤ ቅኝት ሲቀየር ክር መጥበቅና መላላት አለበት። ዋሽንትም የተቆረጠበት ልክ አለው። ጎበዝ ነፊ ብዙ ዋሽንት ይዞ የሚዞረው ለጌጥ አይደለም።

የመጀመሪያው ልምምድ ላይ ሙዚቃው መሐል ሲደርስ ቆመ። ስምንት ልጆች አንገታቸውን ደፍተው ክር ያጠብቃሉ። አንዱ ሲጨርስ የሌላው ይበጠሳል። እኔ ጥግ ላይ ቆሜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመኝ ነበር።

ስለዚህ ዋጋ ከመነጋገራችሁ በፊት ደራሲውን ወደ ልምምድ ጥሩት። ትራንስፖርቱን እናንተ ቻሉ። ልጆቹ የሚችሉትን ብቻ ሳይሆን የማይችሉትንም ይስማ። ባለፈው ወር ማሲንቆ የጀመረው ልጅ ሁለት ድምፅ ብቻ አጥርቶ የሚያወጣ ከሆነ፣ በሁለት ድምፅ የሚያምር ነገር ይጻፍለት። ይህ ሙዚቃውን ማቅለል አይደለም። እንግሊዛዊው ቤንጃሚን ብሪተን በ1958 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ስለ ኖኅ መርከብ የሚጫወት ሥራ ሲደርስ፣ ለጀማሪ ቫዮሊን ተጫዋቾች ጣት ሳያሳርፉ በባዶ ክር የሚጫወቱትን ክፍል ጽፎላቸዋል። ዝናቡ መንጠባጠብ ሲጀምር የሚሰማው ደግሞ ልጆች ከገመድ ላይ የተንጠለጠሉ ኩባያዎችን ሲመቱ ነው። ኩባያ! የናንተ ትምህርት ቤት ያጣል?

አሁን ወደ ገንዘቡ። “ለልጆች ስለሆነ በነፃ ይሥሩልን” አትበሉ። በይሉኝታ የተያዘ ሥራ ሁልጊዜ ከሌላ ሥራ በኋላ ነው የሚደርሰው፤ መውቀስም አትችሉም። ያላችሁን በግልጽ ተናገሩ፣ ቀብድ ስጡ፣ ቀሪውን ኖታው እጃችሁ ሲገባ ክፈሉ። በጀቱ ትንሽ ከሆነ የአምስት ደቂቃውን ትታችሁ የሦስት ደቂቃ አሠሩ። ስመ ጥር ሰው ማግኘትም ግዴታ አይደለም። ከያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት በቅርቡ የወጣ ወጣት አራት ጊዜ ልምምድ ሊመጣላችሁ ይችላል፤ ስመ ጥሩ ስልክ ካነሳ ጥሩ ነው።

አንድ ገጽም ብትሆን ውል ጻፉ። ርዝመቱ ስንት ደቂቃ ነው? መቼ ይደርሳል? (ከዝግጅቱ ሁለት ወር በፊት ቢሆን እመርጣለሁ፤ ፈተና መሐል ይገባል።) ስንት ጊዜ ይስተካከላል? ዩቲዩብ ላይ መጫን ይቻላል? ሌላ ትምህርት ቤት ቢጫወተውስ? የሙዚቃ ድርሰት በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚጠበቅ ሥራ ነው። ስለ መብቱ በፍቅር ጊዜ ተነጋገሩ። ግጥም ካለበት ገጣሚውንም አስፈቅዱ፤ ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል።

ደራሲው ኖታውን ካስረከበ በኋላም ተመልሶ ይምጣ፣ እርሳስም ይያዝ። እኔን ያዳነኝ ይኸው ነው። አራቱን ክራር በትዝታ፣ አራቱን በአንቺሆዬ ቃኝተን ተገላገልን። ግን ያን ቀን፣ ሁሉም ክር ሲያጠብቅ፣ ከበሮ መቺዋ “ዝም ብለን ከምንቆም” ብላ ብቻዋን መምታት ጀምራ ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆናት ነው። ክራሮቹ ዝም ብለው እሷ ብቻ የምትመታበት ቦታ እንዲኖር ኖታውን ቀየርኩት። በበዓሉ ቀን ወላጆች ከወንበራቸው የተነሱት እዚያ ጋ ሲደርስ ነው።