ትራያል መግባት እምነት ማጣት ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ሜሪላንድ ነው፤ ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ነኝ። ከአራት ዓመት በፊት ጭንቅላቴ ውስጥ ዕጢ ተገኝቶ ቀዶ ሕክምና ተደረገልኝ፤ ጨረርና ኬሞም ወሰድኩ። ከዚያ አገር ቤት ሄጄ ጠበል ተጠመቅኩ። ኤምአርአዩ ንጹሕ ሲሆን በጉባኤ ፊት ቆሜ «ድኛለሁ» ብዬ መሰከርኩ። አሁን ዕጢው ተመልሷል። ሐኪሞቹ ገና በሙከራ ላይ ያለ፣ ዕጢውን ለይቶ የሚመታ መድኃኒት ትራያል (በሕሙማን ላይ የሚደረግ የሙከራ ጥናት) እንድገባ ጠይቀውኛል። ዘመዶቼ ግን «አንዴ የዳንከው በጠበል ነው፤ ለሙከራ መፈረም እግዚአብሔርን መፈታተን ነው» ይሉኛል። የፈቃድ ወረቀቱም ላይ «ይህ ጥናት ለእርስዎ ላይጠቅም ይችላል» የሚል አለ። ይህን ፈርሜ እንዴት «ፈውሰኝ» ብዬ እጸልያለሁ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይማርህ። ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብኩት። የጠየቅኸኝ ስለ ትራያሉ ነው፤ የከበደህ ግን ምስክርነትህ ይመስለኛል። «ድኛለሁ ብዬ አሁን በምን ፊቴ ሰው አያለሁ?» የሚል ነገር ከቃልህ ሥር ይሰማኛል። ከእሱ ልጀምር።

አልዋሸህም። ያየኸውን ነው የተናገርከው። ንጉሡ ሕዝቅያስ ለሞት ታምሞ ፊቱን ወደ ግድግዳ መልሶ አለቀሰ። እግዚአብሔርም በነቢዩ በኢሳይያስ በኩል 15 ዓመት ጨመረለት (2ኛ ነገሥት 20)። ዓመቱ ሲሞላ ሕዝቅያስ ሞተ። ያኔ «ለካ ፈውሱ ሐሰት ነበር» ያለ ሰው አልነበረም። ለአንተም አራት ዓመት ተሰጥቶሃል። በእነዚያ ዓመታት ጠዋት ጠዋት ልጆችህን ትምህርት ቤት አድርሰህ ከሆነ፣ ያ ሁሉ ጠዋት እውነተኛ ነበር። ዕጢው ስለተመለሰ የተሰጠህ አይሰረዝም፤ የተመለሰውም እምነትህ ስላነሰ ነው የሚልህን ሰው አትስማው።

እዚያው ምዕራፍ ላይ ሰዎች የሚዘሉት አንድ ቁጥር አለ። «ትድናለህ» የሚለውን ቃል ይዞ የመጣው ያው ነቢይ «የበለስ ጥፍጥፍ አምጡ» አለ። አምጥተው እባጩ ላይ አደረጉለት፤ ዳነ። ሕዝቅያስ «ቃሉ ከተነገረኝ በለስ ምን ያደርግልኛል?» አላለም። ኢሳይያስም በለስ በማዘዙ ቃሉን አልተጠራጠረም።

እኔ በአገልግሎት ዘመኔ ደጋግሜ ያጋጠመኝ ስሕተት ይሄ ነው፤ ወይ ጠበል ወይ መድኃኒት የሚል። እምነት ማለት ሌላውን በር ሁሉ ዘግቶ እግዚአብሔርን በአንድ በር ብቻ እንዲመጣ ማስገደድ ይመስላቸዋል። አንዲት እህት ነበረች። እንደ አንተ ዕጢ ነበረባት፤ እንዳይጥላት የሚከላከል ክኒን ትወስዳለች። ጠበል ቦታ «አቁሚው» ተባለችና ክኒኑን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ አስቀመጠችው። በሦስተኛው ቀን ጣላት። በዙሪያዋ የነበሩት «መንፈሱ ጮኸ» ብለው ተደሰቱ። መንፈስ አልነበረም። መድኃኒቱ በድንገት ስለተቋረጠ ነው። ስትወድቅ ግንባሯ ድንጋይ መቶት ደሟ ይፈስ ነበር፤ የነጠላውን ቋጠሮ የፈታሁት እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ አልረሳውም። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ አልለሳለስም። የታመመን ሰው መድኃኒትህን ጣል የሚል ማንም ቢሆን፣ ካባም ይልበስ ቆብ ይድፋ፣ ቤተ ክርስቲያን እንዲህ አላስተማረችውም። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ2007 ስለ ኤችአይቪ መድኃኒት ሲናገሩ፣ ጠበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ እንደሆኑና እንደማይጣሉ በግልጽ አስተምረዋል። ሲራክም በምዕራፍ 38 እግዚአብሔር መድኃኒትን ከምድር እንደፈጠረ፣ አስተዋይ ሰውም እንደማይንቀው ይነግረናል።

ዘመዶችህ «የዳንከው በጠበል ነው» ሲሉ ሌላም ነገር ቀርቷቸዋል። ጭንቅላትህን በእጁ የከፈተውን ሐኪምና ሌሊቱን አልጋህ አጠገብ ያነጋችውን ነርስ ከታሪኩ አወጧቸው። እነሱንም የላከ እግዚአብሔር ነው። በምስክርነትህ ላይ ስማቸውን ብትጨምር ጠበሉ አያንስም።

«መፈታተን» የሚለውን ቃል እንመልከተው። ዲያብሎስ ጌታን መቅደሱ ጫፍ ላይ አቁሞ «ራስህን ወደ ታች ወርውር» አለው። ጌታም «ጌታን አምላክህን አትፈታተነው» ብሎ መለሰ (ማቴ 4፥7)። መውረጃ እያለ መላእክት ይዘው እንዲያወርዱህ መዝለል፣ መፈታተን እሱ ነው። በደረጃው የሚወርድ ሰው አይፈታተንም።

አሁን ወደ ወረቀቱ ልምጣ። «ላይጠቅምዎት ይችላል» የሚለው አስደንግጦሃል። እኔን ግን ያሳርፈኛል። እ.ኤ.አ. ከ1932 እስከ 1972 በአላባማ፣ ተስኪጊ በሚባል ቦታ 600 የሚሆኑ ጥቁር ወንዶች በቂጥኝ ጥናት ውስጥ ተይዘው ነበር። የሚጠናው ምን እንደሆነ በትክክል አልተነገራቸውም። ፔኒሲሊን በሽታውን እንደሚያድን ከታወቀ በኋላም መድኃኒቱን አልሰጧቸውም። ያ ጉድ ሲገለጥ ሕጉ ተጠናከረ። ዛሬ ፊትህ የተዘረጋው ወረቀት የዚያ ንስሐ ፍሬ ነው። የማያውቁትን «እናውቃለን» አላሉህም። አንተም ስትፈርም «አልድንም» እያልክ አይደለም፤ «እናንተም እኔም መጨረሻውን አናውቅም» እያልክ ነው። መጨረሻውን የሚያውቀውን ደግሞ በጸሎት ትጠይቀዋለህ። የቱ ጋ ነው ግጭቱ?

ብቻ ሳይገባህ እንዳትፈርም። በሚገባህ ቋንቋ ሊያስረዱህ ግዴታቸው ነው፤ የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቅ። ሐኪሞቹን ደግሞ ትራያሉ ስንተኛው ደረጃ እንደሆነ ጠይቃቸው። የመጀመሪያው ደረጃ በዋናነት የሚፈልገው ስንት ሚሊግራም ሰውነት እንደሚችል ነው፤ ዕጢውን ያጠፋል ብለው ተማምነው አይደለም። ይህን ሳታውቅ ብትገባ ተስፋህ ባልሆነ ቦታ ይቆማል። ከገባህ በኋላም በፈለግከው ቀን «በቃኝ» ማለት ትችላለህ። ጭራሽ አልገባም ብትልም ኃጢአት የለብህም። «ግባ» ብዬ አላዝህም፤ ያንን የማዘዝ ሥልጣን የለኝም። እኔ የምለው በእምነት ስም አትከልከል ነው።

ስለ እነዚህ መድኃኒቶች ስጠይቅ ቮራሲደኒብ የሚባል ክኒን ታሪክ ነገሩኝ። አይዲኤች በሚባል ጂን ላይ ለውጥ ያለባቸውን ቀስ ብለው የሚያድጉ የጭንቅላት ዕጢዎች የሚመታ ነው። ቀዶ ሕክምና ብቻ የተደረገላቸው 331 ሰዎች ትራያል ገቡ። 168ቱ መድኃኒቱን፣ 163ቱ ምንም መድኃኒት የሌለበት ክኒን ወሰዱ። ማን የትኛውን እንደሚውጥ ራሳቸውም ሐኪሞቻቸውም አያውቁም ነበር። ዕጢው ሳይብስ የቆየበት ጊዜ በመድኃኒቱ 27.7 ወር፣ ያለ መድኃኒቱ 11.1 ወር ሆነ። ዕጢውን አላጠፋውም፤ አዘገየው። እ.ኤ.አ. በ2024 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። የአንተ ሁኔታ ጨረርና ኬሞ ስላለፈበት ከእነሱ ይለያል፣ መድኃኒቱም ሌላ ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ስለ 163ቱ ሳስብ ውዬ አደርኩ። ባዶ ክኒን ሊሆን እንደሚችል እያወቁ በየቀኑ ዋጡ፣ ያመማቸውን በሐቅ ጻፉ። ዛሬ ያንን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሁሉ የእነሱ ባለዕዳ ነው።

ከገባህ እንግዲህ ይህን አስብበት። የክኒን መመዝገቢያ ይሰጡሃል። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የተሰማህ ነገር ይጻፍበታል። ያቺ ደብተር ምስክርነት ናት። ክኒኑን ዘለህ «ወሰድኩ» ብትል በማታውቀው ባልንጀራህ ላይ በሐሰት መሰከርክ፤ እሱ ከአንተ በኋላ የሚታመመው ሰው ነው። ጠበል ስትሄድም ለነርሷ ንገራት። በባዶ ሆድ ብዙ ጠጥተህ ካስመለሰህ ክኒኑም አብሮ ሊወጣ ይችላል፤ ማወቅ አለባት። እናትህ የላከችልህን ጥቁር አዝሙድና ዳማከሴ ሳይቀር ንገራት፤ አንዳንድ ቅጠላ ቅጠል የመድኃኒትን ሥራ ያዛባል፣ ጉበትንም ይጎዳል። ንስሐ አባትህንም ስለ ትራያሉ አትደብቃቸው። ጾሙን ከክኒኑ ሰዓት ጋር እሳቸው ያስተካክሉልሃል። ብዙ ምእመን ሐኪሙን ጠበሉን፣ ካህኑን ክኒኑን ይደብቃል። እንዲህ እየኖረ ሁለቱም ጋ ብቻውን ይሆናል።

አንተ ሜሪላንድ ስላለህ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ትልቁ የመንግሥት የምርምር ሆስፒታል ያለበት ከተማ ቤተስዳ ይባላል። እ.ኤ.አ. ከ1953 ጀምሮ ትራያል የሚገቡ ሕሙማን እዚያ ሳይከፍሉ ይታከማሉ። ስሙ የመጣው 38 ዓመት የታመመው መጻጉዕ ተኝቶባት ከነበረችው መጠመቂያ ከቤተ ሳይዳ ነው (ዮሐ 5)። ጌታ ሲጠይቀው መጻጉዕ የመለሰው «ሰው የለኝም» ብሎ ነበር። ጌታም ያለ ውኃው አዳነው። ጠበልን የምወደውን ያህል ይህንንም እላለሁ፤ ጌታ በውኃው ላይ ሥልጣን አለው፣ ውኃው ግን ጌታን አያስረውም። አንተ ደግሞ ሰው አለህ። ባለቤትህ አለች፣ ሐኪሞቹ አሉ፣ እኛም አለን።

ወረቀቱን ከባለቤትህ ጋር ሆናችሁ አንብቡት። ከመጀመሪያው ክኒን በፊት ንስሐ አባትህ ጸሎተ ቀንዲል እንዲያደርሱልህ ለምናቸው። የአንተንና የባለቤትህን የክርስትና ስም ላክልኝ፤ ከዛሬ ጀምሮ በጸሎት ላስባችሁ።